ቁጥር ዘጠኝን መቼ ትሰብካላችሁ? ስለ አሠሪና ሠራተኛ ታማኝነት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ አሰላ ውስጥ ከኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ስለ ሥራ ሰበክሁ። ሠራተኛ አለቃው ሲያየው ብቻ ሳይሆን ሳያየውም መሥራት እንዳለበት፣ የሥራ ሰዓት መስረቅ ገንዘብ ከመስረቅ እንደማይለይ፣ ክርስቲያን በመሥሪያ ቤቱ የጌታው ምስክር እንደሆነ አስረዳሁ። ጉባኤው "አሜን" አለ። በተለይ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ነጋዴ ወንድሞች አሜናቸው ጠንከር ያለ ነበር። ፕሮግራሙ አልቆ በር ላይ ቆሜ ምእመናንን ስሰናበት አንዲት ወጣት እኅት እጄን ጨበጠችና፣ "ፓስተር፣ ቁጥር ዘጠኝን ደግሞ መቼ ነው የሚሰብኩልን?" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ መልስም አልጠበቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቤት ገብቼ ክፍሉን ገለጥሁት። ከቁጥር 5 እስከ 8 ሐዋርያው የሚናገረው ለሚያገለግሉት ነው። ቁጥር 9 ላይ ግን ፊቱን ወደ ጌቶች ያዞራል፤ እነርሱም በበኩላቸው ያንኑ እንዲያደርጉ፣ ማስፈራራትን እንዲተዉ፣ የሁለቱም ጌታ በሰማይ አንድ መሆኑንና ለፊት እንደማያዳላ እንዲያውቁ ያዛቸዋል። የስብከት ማስታወሻ ደብተሮቼን አውጥቼ አገላበጥሁ። በዚህ ክፍል ላይ በተለያዩ ዓመታት ስድስት ጊዜ ሰብኬ ኖሮ፣ ስድስቱንም ጊዜ ቁጥር 8 ላይ አቁሜአለሁ።

እግረ መንገዴን ልናገር፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተማርሁባቸው ዓመታት ስለ ትንቢት፣ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ስብከት አዘገጃጀት ብዙ ተምረናል። ስለ ደመወዝ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልነበረንም። ምእመናን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚኖሩት ደግሞ በደመወዝ ጉዳይ ውስጥ ነው።

አንዳንድ ወገኖች ጳውሎስ የጻፈው ለባሪያና ለጌታ ነው፤ ዛሬ ያለው ግን ውል ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባሪያ ትቶ መሄድ አይችልም ነበር፤ የዛሬ ሠራተኛ ይችላል። ነገር ግን ይህ ልዩነት የአሠሪውን ኃላፊነት ከቶ አያቀልለውም። ሰውን በገንዘብ ገዝቶ ለያዘው ጌታ እንኳ ትእዛዝ ከተሰጠ፣ በነጻ ፈቃዱ ውል ለፈረመለት ወንድም ምን ያህል ይገባው ይሆን?

"ታማኝ" የሚለው ቃል

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ታማኝነት ከማመን የወጣ ቃል ነው። ታማኝ ማለት የታመነ፣ ሌላው የጣለበትን እምነት ያላጎደለ ማለት ነው። እንግዲህ ታማኝ ለመኖሩ አስቀድሞ የሚያምን ሰው መኖር አለበት። ማንም ለብቻው ታማኝ ሊሆን አይችልም። "አደራ" ስንልም ሁለት እጅ ነው የሚታየን፤ የሚሰጥና የሚቀበል።

በአነጋገራችን ግን ቃሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። "ታማኝ ሠራተኛ" የሚለውን በየቀኑ እንሰማለን፤ "ታማኝ አሠሪ" የሚለውን ስንቶቻችን ሰምተናል? አሠሪው "ደግ" ነው ወይም "ክፉ" ነው ይባላል እንጂ "ታማኝ" አይባልም። ደግነት ስጦታ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ታማኝነት ግን ዕዳ ነው። ሠራተኛው ዕዳ አለበት፣ አሠሪው ግን ስጦታ ይሰጣል ብለን ካሰብን፣ ሚዛኑ ገና ከመጀመሪያው ተዛብቷል። ሠራተኛው ሲያጠፋ "የበላበትን ወጪት ሰባሪ" ይባላል። አሠሪውስ ለዓመታት ያበሰለለትን እጅ ሲጥል ምን ይባላል? ተረት እንኳ አላዘጋጀንለትም።

በዚህ በአርሲ ምድር የሆነው

ይህን ጉዳይ አርሲ ላይ ተቀምጦ ማሰብ የራሱ ክብደት አለው። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ በዕድሜ የገፉ የአሰላ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ "ካዱ" እያሉ የሚያነሡት ድርጅት ነበረ። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለት ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር መቀመጫው አሰላ ነበረ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለአነስተኛ ገበሬዎች ማድረስ፣ ኑሯቸውንም ማሻሻል ዓላማው ነበር። ስንዴውም ገብሱም በእርግጥ ምርቱ ጨመረ። ዛሬ በአገር ደረጃ የሚታወቀው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከል ታሪክም ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ነገር ግን መሬቱ የብዙዎቹ አራሾች አልነበረም። ጭሰኛ ነበሩ። ከምርታቸው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት እየሰጡ፣ ብዙዎቹም አባታቸው ለባለመሬቱ አባት ባረሰበት መሬት ላይ የሚኖሩ ነበሩ። ጭሰኛ በዛሬው አነጋገር ተቀጣሪ አይደለም፤ ግን በዚያ ዘመን ለባለመሬት መሥራትና በባለመሬት መታመን ማለት ይህ ነበር። ውሉ ባብዛኛው በቃል ነው። በዓል ሲመጣ መብል ይዞ መሄድ፣ ሠርግ ሲኖር መላላክ፣ ሲታዘዙ መገኘት፤ ይህ ሁሉ ታማኝነት ይባል ነበር፤ ለዘመናትም ተከፍሏል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? መሬቱ በአዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ትርፋማ መሆኑ ሲታይ በርካታ ባለመሬቶች ትራክተርና ኮምባይነር ይዘው መጡ። አንድ ትራክተር የብዙ በሬዎችን ሥራ የሚሠራ ከሆነ ጭሰኛው ለምን ያስፈልጋል? እየተነሡ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ጭሰኛን ይጠብቃል የተባለው የሕግ ረቂቅም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ድሃውን ገበሬ ለመርዳት የመጣ ልማት ራሱ ብዙ ድሃ ገበሬዎችን ከቀዬአቸው አስነሣ። ይህን የምለው ስዊድናውያኑን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእነርሱ መካከልም ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ያስጠነቀቁ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን፣ ጭሰኝነት በአንድ ቀን ፈረሰ።

ከዚህ ታሪክ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። ባለመሬቶቹ ጭሰኞቻቸውን ያስነሡት ስለ ጠሏቸው አይደለም። ብዙዎቹ በስማቸው ያውቋቸዋል፤ የልጆቻቸውን ስምም ጭምር። ያስነሧቸው አያስፈልጉም ስለ ተባሉ ነው። አሠሪ ሠራተኛውን በሚፈልገው ጊዜ ሁሉ ታማኝ ይመስላል። የሚፈተነው ሠራተኛው ሳያስፈልገው ሲቀር ነው፤ ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ስታረግዝ፣ ማሽን ሲመጣ።

በሜዳ የተጣለው ግብፃዊ

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 ብዙ ጊዜ አልፈነው የምንሄድ አንድ ሰው አለ። አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው፣ ሴቶችንና ልጆችን ማርከው ሄደዋል። ዳዊትና ሰዎቹ ሲያሳድዱ በሜዳ የወደቀ ግብፃዊ ያገኛሉ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ አልቀመሰም። እንጀራና ውኃ፣ የበለስ ጥፍጥፍና ዘቢብ ሰጥተው ነፍሱ ስትመለስ ማን እንደሆነ ጠየቁት። የአንድ አማሌቃዊ አገልጋይ እንደሆነ፣ ከሦስት ቀን በፊት ስለ ታመመ ጌታው ጥሎት እንደሄደ ነገራቸው።

ልብ በሉ፤ ጌታው የድሃ ሰው አልነበረም። ከዘመቻ የሚመለስ፣ ምርኮና ከብት የሞላው ሠራዊት ውስጥ ነው። በግመል ላይ አንድ ቦታ፣ ለሦስት ቀን የሚሆን ስንቅ ማትረፍ ያቅተው ነበርን? አላቃተውም። የታመመ አገልጋይ ግን በሂሳቡ ውስጥ ኪሳራ ሆኖ ታየው። ያ የተጣለ ሰው ከዚያ በኋላ ዳዊትን መርቶ ወደ አማሌቃውያን ሰፈር አደረሰው። ጌታው በአንድ ስንቅ ቆጥቦ ሰፈሩን በሙሉ አጣ።

ከዚህ ጋር በማቴዎስ 8 ያለውን የመቶ አለቃ አስተያዩት። እርሱም ባዕድ ነው፤ እርሱም ወታደር ነው። አገልጋዩ ሽባ ሆኖ ቢተኛበት ግን ራሱ ተነሥቶ ወደ ጌታ ሄዶ ለመነ። ጌታ እምነቱን ሲያደንቅ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ ያ እምነት የታየው ግን አልጋ ላይ ለተኛ ሠራተኛ በተደረገ ልመና መሆኑን እንረሳዋለን።

ዛሬ በከተማችን

ዛሬ አሰላ ጭሰኛ የለም። ሱቅ፣ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የብቅል ፋብሪካ፣ በመኸር ወቅት ደግሞ ኮምባይነር አለ። ከእነዚህ ባለቤቶች ውስጥ የወንጌል አማኞች ብዙ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ እንነጋገር።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። በእያንዳንዱ አማኝ ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል። በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ቢኖር አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህ ሳይሟላ ቢቀርም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የመጀመሪያ ዓመት የእረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሲሰናበት፣ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ይህ ዝቅተኛው ነው። "እኛ በጸጋ ነን እንጂ በሕግ አይደለንም" የሚል ወንድም ካለ፣ ጸጋ ከሕግ በላይ እንጂ ከሕግ በታች እንደማይሰጥ ያስብ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጡረታው ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ከወጣበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሥርዓቱ ይታወቃል። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ ከሠራተኛው 420፣ ከአሠሪው 660፣ በድምሩ በወር 1,080 ብር ነው። በዓመት 12,960 ይሆናል። አንዳንድ ቤት ግን 420ው ይቀነሳል፤ ገቢ ግን አይደረግም። ሠራተኛው ወረቀቱ ላይ ተቀንሶ ስለሚያይ ያለው ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ ሄዶ ሲጠይቅ ስሙ የለም። ወገኖቼ፣ ይህ የአሠራር ጉድለት አይባልም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የአጫጆች ደመወዝ ተቀንሶ ሲቀር ራሱ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም በሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደሚገባ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። ከአጨዳ ምድር የምንኖር ሰዎች ይህን ጥቅስ በተለይ ልንፈራው ይገባናል።

ሌላም አለ። ሠራተኛ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የሥራ ልምድ ማስረጃ መከልከል። "እኔን ጥሎ ሄዶ ነው እንዴ ወረቀት የምሰጠው?" ይባላል። ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው፤ ያለ ክፍያ መስጠትም የአሠሪው ግዴታ ነው። የሠራው የእርሱ ዕድሜ ነው። የሰውን ዕድሜ በመሳቢያ ቆልፎ መያዝ ምን ያደርጋል?

ደመወዝ ላይ ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዘይቱም ሳሙናውም አብሮ ሄደ። ነጋዴው በሱቁ ያለውን ዕቃ ዋጋ በዚያው ሳምንት አስተካክሏል፤ አልፈርድበትም፣ ካላስተካከለ መልሶ መግዛት አይችልም። ግን በዚያው ሱቅ የቆመችውን ልጅ ደመወዝስ አስተካክሏልን? ያዕቆብ ላባን ደመወዜን አሥር ጊዜ ለዋወጥህብኝ ብሎ ሲከስሰው (ዘፍ. 31) በግልጽ ስለ ለወጠው ነው። ዛሬ ደግሞ ሳይለውጡትም ይለወጣል፤ ቁጥሩ እዚያው ቆሞ እንጀራው ያንሳል።

የቤት ሠራተኞችን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህ አዋጅ እነርሱን አይሸፍንም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥቂት አንቀጾች ብቻ ያነሣቸዋል። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታድር ልጅ ከእኛ ሕሊና በቀር ብዙ ጠበቃ የላትም። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብሎ፣ ጎልማሶቹ ሩትን እንዳይነኳት አዝዞ፣ በምሳ ሰዓትም ከእንጀራው እንድትበላ ጠርቷታል (ሩት 2)። ልጅቱ በቤታችን ከማን ጋር ትበላለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? እሑድስ የት ትሄዳለች?

ሠራተኛውስ?

እስከዚህ ድረስ ሠራተኛ የሆናችሁ ወገኖች "አሜን" ስትሉ ይሰማኛል። ያን እሑድ ከፊት የነበሩት ነጋዴዎች እንዳሉት ዓይነት አሜን እንዳይሆን።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት ስንቱን አማኝ እንዳጠመደ የምናውቅ እናውቃለን። በመኸር ወቅት ኮምባይነር የሚያጭደው በኩንታል ሂሳብ ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ተቀምጦ ኦፕሬተሩ በስልክ የሚነግረውን ይመዘግባል። ሁለት መቶ ኩንታል ታጭዶ መቶ ሰባ ቢባል ማን ያውቃል? ናፍጣው ውስጥስ ማን ገብቶ ያያል? ያን ገንዘብ ይዞ አሥራት የሚያወጣ ወንድም ካለ፣ አሥራቱን ይተወውና ሠላሳውን ኩንታል ይመልስ።

ግያዝን አስታውሱ (2ኛ ነገ. 5)። ኤልሳዕ ከንዕማን ምንም አልቀበልም ብሎ ሲሸኘው፣ ግያዝ ሮጦ ደርሶ በጌታው ስም ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ተቀበለ። ኃጢአቱ ብር መውደዱ ብቻ አልነበረም፤ የጌታውን ስም ሸጠ። ዕቃ ግዢ የሚላክ ሠራተኛ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ ደረሰኙን ከፍ ሲያደርግ የሚሸጠው የአሠሪውን ስም ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የተለየ በሽታ አለ። አማኝ ለአማኝ ሲቀጠር "ወንድሜ ነው፣ ይረዳኛል" በሚል መዘግየት። ረቡዕ በሥራ ሰዓት ለጾም ጸሎት መጥተው ከፊቴ የተንበረከኩ፣ ለአሠሪያቸው ግን "ሆስፒታል ነኝ" ያሉ ሰዎችን ወደ ሥራቸው የመለስሁበት ቀን አለ። ደስ አላላቸውም። በሌለ ለቅሶ ፈቃድ መውሰድም አለ፤ አንድ ወንድም አያቱን ሦስት ጊዜ ቀብሯል ሲባል ስቀናል፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከአማኝ ይልቅ ሌላውን መቅጠር ይሻለኛል የሚል አማኝ ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትቆጡት፤ ምክንያቱን ጠይቁት።

ያዕቆብ የሚበልጠን እዚህ ላይ ነው። ላባ ሃያ ዓመት አታለለው፤ እርሱ ግን አውሬ የሰበረውን በግ ከራሱ ከፈለ፣ ቀን በሐሩር ሌሊት በውርጭ ጠበቀ። የአለቃው ክፋት የእርሱን ሥራ አላበላሸውም። ነገር ግን ያው ያዕቆብ ዝም ብሎ አልኖረም፤ በደሉን ቆጥሮ ፊት ለፊት ተናገረ፣ በመጨረሻም ሄደ።

መሄድ ክህደት ነውን?

አይደለም። ብዙ አሠሪዎች ታማኝ ሠራተኛ ማለት የማይሄድ ሠራተኛ ይመስላቸዋል። ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመልቀቅ መብት አለው። ታማኝነቱ የሚታየው በአካሄዱ ነው፤ ቁልፉን አስረክቦ፣ ሂሳቡን አስተካክሎ፣ ለሚተካው ሥራውን አሳይቶ፣ የቤቱን ምሥጢር ይዞ ሲወጣ። ቅዳሜ ደመወዝ ተቀብሎ ሰኞ ስልክ መዝጋት ግን መሄድ አይባልም።

ያን እሑድ ቁጥር ዘጠኝን የጠየቀችኝ እኅት ከዚያ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን አባላት የአንዱ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ሁልጊዜ "ገበያው ሲሻሻል" ይባላል፤ እናቷ ደግሞ ገጠር መድኃኒት ይፈልጋሉ። እኔ ምን አልኋት? "ታገሺ፣ ወንድማችን ነው፣ ነገሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ" አልኋት። አብሬአት ጸለይሁ። ወደ ወንድማችን ግን አልሄድሁም፤ ለሕንፃው ሥራ ከሚሰጡት መካከል አንዱ ነበርና። ይህን ዛሬ ስጽፈው ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሠራተኛ መታገሥን፣ ለአሠሪ መባረክን ብቻ ስትሰብክ ሁለቱንም ትጎዳቸዋለች።

ከአርሲ ብዙ ሴት ልጆች ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ። ሁሌ "የገንዘብ ፍቅር ነው" እንላለን። እርሷም ሄደች። ስንብት ልትጸለይላት ስትመጣ ስንት እንደሚከፈላት አልጠየቅኋትም፤ እዚህ ስንት እንደቀረባት ግን አውቅ ነበር። ቁጥር ዘጠኝን በመጨረሻ የሰበክሁ ቀን በወንበሯ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ወንድማችን ያን ቀን ተገኝቶ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሦስቱን ወር ደመወዝ በፖስታ አድርጎ ለእናቷ እንድልክለት አመጣልኝ። ዋጋው በዚያ ጊዜ ግማሽ ሆኖ ነበር፤ ቢሆንም ላክሁት።

የራሳችን ግቢ

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ቤተ ክርስቲያንም አሠሪ ናት።

ግቢያችንን የሚጠብቁ ጋሼ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ገቡ፤ በ2017 ዓ.ም. ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ ዕድሜአቸውም ከ60 ስላለፈ እንዲያርፉ ሽማግሌዎች ወሰንን። አሥራ አራት ዓመት ሌሊቱን በካፖርት ተጠቅልለው የጭላሎን ብርድ ችለዋል። አንድ ወንበር ጠፍቶ አያውቅም። እሑድ በአምልኮ ሰዓት ወደ መድረክ ጠርተን ጋቢ አለበስናቸው፣ ጸለይንላቸው፣ ፎቶግራፍም ተነሣን። አመሰገኑ። ከፕሮግራሙ በኋላ ወደ ጎን ጠርተውኝ ቀስ ብለው፣ "ልጄ ፓስተር፣ ክፍሏን እስከ መቼ ልልቀቅ?" አሉኝ። እርሳቸውና ባለቤታቸው የሚኖሩት በበሩ አጠገብ ባለችው የጥበቃ ክፍል ነው። ከእኛ አንዱም ይህን አላሰበም ነበር።

ማታውን ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን። የሂሳብ ባለሙያ የሆነች እኅት እንድታግዘን ጠራናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ውላቸው የት አለ?" የሚል ነበር። የለም። "ጡረታስ?" አልተመዘገቡም። ከጅምሩ አስመዝግበናቸው ቢሆን ኖሮ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ ወር በወር የሚያገኘውን አበል ዛሬ ያገኙ ነበር። ከዚያ እኅታችን ሕጉ ለጡረታ የሌለው ሠራተኛ በሚያስቀምጠው የስንብት ክፍያ ሂሳብ አሰላችው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ አሥራ ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፤ በድምሩ አምስት ወር ከአሥር ቀን። ደመወዛቸው 1,500 ብር ስለነበር 8,000 ብር ሆነ። አንድ ሽማግሌ፣ "ሕጉ እኛን ያስገድደናል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ "ለድምፅ ማጉያው ባለፈው ወር ስንት ነው የከፈልነው?" አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

8,000ው ተከፍሏል። አዲሱ ጥበቃ የተፈረመ ውል አለው፣ ስሙም በጡረታ መዝገብ ገብቷል። ክፍሏን በተመለከተ ግን አልተስማማንም። አዲሱ ጥበቃ የሚያድርበት ቦታ ይፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ በ8,000 ብር የዛሬ የአሰላ የቤት ኪራይ ስንት ወር እንደሚያስኬድ ያውቁታል። አንዳንዶች ለሁለቱ አዛውንት በግቢው ጥግ አንድ ክፍል እንሥራ ይላሉ፤ ሌሎች ይህ ለሌላው ሁሉ ልማድ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ተቀጥሯል። እስከዚያው ጋሼ በዚያችው ክፍል ናቸው፤ ማንም ባያዝዛቸውም ሌሊት እየተነሡ በሩን ይፈትሻሉ።